ከለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ የሚሠራ ሮኬት፦ ከነፃው ፕላን እስከ ሜዳው

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ጋሼ፣ ይሄን እንሥራ» አለኝ። የውኃ ሮኬት ፕላን ነው። በነፃ የሚወርድ፣ ሦስት ገጽ፣ ሥዕሉ የሚያምር። «አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል» ብዬ ጀመርኩ። አራት ቅዳሜ በላ። ሁለት ሮኬት አበላሽተን ሦስተኛው ነው የበረረው። ፕላኑ ተሳስቶ አይደለም። ሲጻፍ ለሌላ አገር ወረቀትና ለሌላ አገር ሱቅ ተብሎ ነው፣ እኛ ደግሞ የራሳችንን ጠርሙስ ሳንለካ ቃል በቃል ልንከተለው ሞከርን። እዚህ የምጽፍላችሁ ከፕላኑ ላይ የጎደለውን ነው።

ፕላን ለማግኘት አትቸገሩም። ናሳ ራሱ ለመምህራን ያዘጋጀው የሮኬት መመሪያ ውስጥ የውኃ ሮኬት አሠራር አለ፣ በነፃ ይወርዳል። ሌሎችም ሞልተዋል። የክንፍ ቅርጽና የአፍንጫ ቅርጽ በትክክለኛ መጠን የተሳለበትን ምረጡ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። የክብሪት ራስ እየፈቀፈቁ ቱቦ ውስጥ መጠቅጠቅ የለም። ልጅ ሆነን የሞከርነው አለን፣ ጣታችን የተረፈው በዕድል ነው። አሜሪካ ውስጥም በቤት የተቀመመ ነዳጅ ልጆችን ሲጎዳ ነበር። ኦርቪል ካርላይል የሚባል የነብራስካ የጫማ ሱቅ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1954 በሚቀያየር ትንሽ ሞተር የሚሄድ ቀላል ሮኬት ሠራ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት ባለሙያ ሐሳቡን ይዞ አስፋፋው። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚተኮሰው ሞዴል ሮኬት ሞተሩ ፋብሪካ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚሸጥ ነው። የሰፈራችን ሱቅ ግን እንዲህ ያለ ሞተር አይሸጥም። ውኃና አየር ግን አለን።

ነገሩ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ውኃ ታደርጋላችሁ፣ አፉን በቡሽ ትደፍናላችሁ፣ በቡሹ መሐል በገባ መርፌ በቀረው ቦታ አየር ትነፋላችሁ። ቡሹ ሲፈነጠር የታመቀው አየር ውኃውን ወደ ታች ይተፋዋል፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይሄዳል። አየር ብቻውን በጣም ቀላል ስለሆነ ብዙም አይገፋም። ውኃው ከባድ ስለሆነ ነው ጉልበቱ የሚመጣው። ተፍቶ የሚጨርሰው ደግሞ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ዓይናችሁን ካርገበገባችሁ አመለጣችሁ።

ጠርሙሱ

ሃይላንድ አይሆንም። የውኃ ፕላስቲክ ስስ ነው፣ ግፊት እንዲይዝ ተብሎ አልተሠራም። የሚያስፈልጋችሁ ጋዝ ያለው መጠጥ የነበረበት 1.5 ወይም 2 ሊትር ፕላስቲክ ነው። ታቹን ገልብጣችሁ እዩት፦ እንደ አበባ የተከፋፈለ አምስት እግር ካለው እሱ ነው። ለስላሳ መጠጥ ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ይበልጣል፣ ጠርሙሱ ግን ዝም ብሎ ይችለዋል።

ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙስ ያዙ። አንዱ ሮኬቱ ነው፣ ሌላው ይቆረጣል። ሮኬት የሚሆነውን በምንም አትጫሩት። የተጨማደደ፣ ነጭ መስመር የወጣበት ወይም ጸሐይ ላይ ከርሞ የደረቀ ከሆነ ተዉት። ሱፐር ግሉም አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ያደርቀውና እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫም ያለሰልሰዋል። ስኮች ብቻ።

ፕሪንቱ

የመጀመሪያው ሮኬታችን የሞተው እዚህ ነው። ፕላኑን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን አስወጣን። ሦስት ክንፍ ቆረጥን። አንዱን ልጁ ሲያጣብቅ ቀደደው፣ እኛም ሌላ ቤት ሄደን ያችን ገጽ ብቻ እንደገና አስወጣን። ለጠፍን፣ ሜዳ ወሰድን፣ ተኮስን። ሮኬቱ አምስት ሜትር ያህል ወጥቶ እንደ ሰከረ ሰው እየዞረ አጥር ላይ ተሰቀለ።

ማታ ክንፎቹን አነባበርኳቸው። አንዱ ከሌሎቹ በግማሽ ሴንቲሜትር ይበልጣል!

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፕላኑ የተሠራው ለአሜሪካ ወረቀት ነው፣ ወርዱ 21.6፣ ቁመቱ 27.9 ሴንቲሜትር። የእኛ ኤ4 ደግሞ 21 በ29.7 ነው። ማሽኑ «ከወረቀቱ ጋር ላስማማው» ብሎ ሥዕሉን ያሳንሰዋል፣ ሌላኛው ቤት ያለው ማሽን ደግሞ አላሳነሰውም። ስለዚህ ስታስወጡ «እህቴ፣ መጠኑን እንዳትነኪው፣ 100 ፐርሰንት አድርጊልኝ» በሉ። ከሱቁ ሳትወጡ ማስመሪያ አውጡና ለኩ። ጥሩ ፕላን ዳር ላይ የመለኪያ መስመር አለው። መስመሩ 10 ሴንቲሜትር ነኝ ብሎ 9.4 ከሆነ ያው ተሸውዳችኋል። በኢንች የተጻፈ ከሆነ በ2.54 አባዙት።

ክንፎቹ

ወረቀቱን እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀሙበት፣ ክንፉን ግን ከሌላ ነገር ቁረጡ። ካርቶን ይሆናል፣ ግን ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ በስብሶ ይንጠለጠላል፣ ስለዚህ በሰፊው ስኮች ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ከሁሉም የሚሻለው ማስታወቂያ የሚታተምበት ውስጡ ክፍት ክፍት የሆነ ፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ቀላል ነው፣ ውኃ አይፈራም፣ በካተር ይቆረጣል። ማስታወቂያ ቤቶች ቁርጥራጩን ይጥሉታል፣ ለምኑ።

ሦስት ክንፍ ይበቃል። ሦስቱንም አነባብራችሁ አንድ ላይ ቁረጡ፣ የእኔ ጣጣ አይደርስባችሁም። ወደ ጎን 8 ሴንቲሜትር ያህል ይውጣ። ወደ ታች ደግሞ ከጠርሙሱ አፍ አልፎ 12 ሴንቲሜትር ይውረድ፣ ምክንያቱም ሮኬቱ የሚቆመው በክንፎቹ ጫፍ ነው፣ ሥሩ ቡሹና የአየር ጎማው መግባት አለባቸው። በጠርሙሱ በኩል ባለው ጠርዝ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ትርፍ ተዉና ቆራርጣችሁ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ እጠፉት።

አሁን ሁለተኛውን ጠርሙስ መሐሉን ቁረጡ፣ እንደ እጅጌ የሚሆን ቀለበት ይወጣችኋል። በአንድ ጎኑ ሰንጥቁትና ሮኬቱ ላይ አልብሱት። ክንፎቹ የሚለጠፉት እጅጌው ላይ ነው፣ ዋናው ጠርሙስ ላይ አይደለም። ሮኬቱ ሲያረጅ እጅጌውን አውልቃችሁ ለአዲሱ ታለብሱታላችሁ።

ቦታውን ለማግኘት ፕላኑ ላይ ያለውን ርቀት እርሱት። ጠርሙሱን በቀጭን ወረቀት ዙሩት፣ የሚገናኝበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ለሦስት ክፈሉት። የእኛ ዙሪያው 28 ሴንቲሜትር ከምናምን ነበር፣ ስለዚህ በየ9 ሴንቲሜትር ከምናምኑ። ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ጠርሙሱን በበሩ መቃን ጥግ አስደግፉና በመቃኑ ጠርዝ አስምሩ። ክንፉ ትንሽ ከተንጋደደ ሮኬቱ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ብዙ ከተንጋደደ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

አፍንጫው

ሮኬቱ ተገልብጦ ነው የሚበረው። የጠርሙሱ አፍ ወደ ታች፣ ታቹ ወደ ላይ። ላይኛው ጫፍ ላይ ከፕላኑ የቆረጣችሁትን የወረቀት ሾጣጣ አልብሱት፣ ውስጡ ከ50 እስከ 80 ግራም የሚሆን ለስላሳ ክብደት አድርጉ። እኛ አሸዋ በትንሽ ፌስታል ቋጥረን አስገባን። ጫፉ ላይ ደግሞ የስፖንጅ ቁራጭ። ድንጋይ፣ ቡሎን፣ ባትሪ ምናምን እንዳታስገቡ። ይሄ ነገር ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚወርደው ደግሞ በአፍንጫው ነው።

ክብደቱ ለምን አስፈለገ? ቀስትን አስቡት። ፊቱ ከባድ፣ ኋላው ላባ። ሮኬትም እንዲሁ ነው። የክብደቱ መሐል ከነፋስ ግፊቱ መሐል ቀድሞ ወደ አፍንጫው መጠጋት አለበት። ካልሆነ ወጥቶ ይገለበጣል። ሒሳብ ውስጥ ሳትገቡ የምትፈትኑበት መንገድ አለ፦ ባዶውን ሮኬት በጣታችሁ ላይ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ፣ እዚያ ላይ ሁለት ሜትር ሲባጎ እሰሩ፣ ሰፊ ቦታ ወጥታችሁ ከራሳችሁ በላይ አዙሩት። አፍንጫው ቀድሞ የሚዞር ከሆነ ይበራል። ወደ ጎን ወይም በጭራው ከዞረ አሸዋ ጨምሩ። ልጁ ይሄን ፈተና ከተኩሱ እኩል ነው የወደደው፣ የሰፈር ሰው ግን በረንዳ ላይ ወጥቶ «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ» እያለ ያየኝ ነበር።

ቡሹና መርፌው

ሁለተኛው ሮኬት ጉድ የሆነው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩ።

የወይን ጠጅ ቡሽ ያስፈልጋል፣ ሦስት አራት ብታገኙ ጥሩ። ውፍረቱ ወደ 24 ሚሊሜትር ነው፣ የጠርሙሱ አፍ ውስጡ ወደ 22። በፍል ውኃ ጥቂት ደቂቃ ብትዘፈዝፉት ይለሰልሳል። ርዝመቱን ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ቁረጡት፣ አለበለዚያ መርፌው በሌላኛው በኩል አይወጣም። አንዱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሹሉት፣ በጣም ትንሽ።

መርፌ የምለው የኳስ መንፊያውን ነው። በቡሹ መሐል ለመሐል መጀመሪያ በቀጭን ምስማር ቀጥ አድርጋችሁ ብሱ፣ ከዚያ መርፌውን አስገቡ። የመርፌው ቀዳዳ ጎኑ ላይ ነው እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ጎኑ ያለው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ከቡሹ ውጪ መታየት አለበት። እኛ ጫፉን ብቻ አይተን «ወጥቷል» አልን። ሃያ ጊዜ ነፋን፣ ሮኬቱ ንቅንቅ የለም፣ አየሩ ቡሹ ውስጥ ቀርቷል። መርፌው ዙሪያ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ ብታደርጉ አየር አያፈስም፣ ቡሹን ምንም አያደርገውም፣ ጠርሙሱን ነው ያልኳችሁ።

ፓምፑ

የእኔ የድሮ የብስክሌት ፓምፕ ነበር። ስነፋ አየር ገባ፣ እጀታውን ወደ ላይ ስስብ ግን ከጠርሙሱ ውኃው ጎማውን ይዞ መጣና ፓምፑ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ስጫን ጎማው ከፓምፑ ተነቅሎ የጠርሙሱ ውኃ ሱሪዬ ላይ አለቀ። ልጁ እስካሁን ይስቅብኛል።

ይዤው ጎሚስታው ጋ ሄድኩ። እጀታውን አንዴ ጫን አደረገና ጎማውን በአውራ ጣቱ ደፈነ፣ ለቀቀው፣ እጀታው ብድግ አለ። «አየህ ወንድሜ፣ ይሄ አየር አይዝም። ብስክሌት ስትነፋበት ችግር የለውም፣ መመለሻውን የሚዘጋልህ የካላማዳሪው ቫልቭ ነው። የአንተ መርፌ ግን ቫልቭ የለውም» አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ስለዚህ ፓምፕ ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ያንን አድርጉ፦ ጎማውን በጣት ደፍናችሁ ጫኑና ልቀቁ። እጀታው ወደ ላይ ከገፋችሁ አይሆንም። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው፣ በእግር ተረግጦ የሚያዝ የቁም ፓምፕ ከሁሉም ይሻላል። የፓምፑ ጎማ አጭር ስለሆነ በመሐሉ አምስት ሜትር ያህል የኮምፕሬሰር ጎማ አስቀጥሉ። ጎሚስታው ያጠብቅላችኋል። ይሄን አትዝለሉት፣ ግፊት የገባበት ጠርሙስ አጠገብ ቆሞ መንፋት ልክ አይደለም።

ሜዳው

ቢያንስ የኳስ ሜዳ የሚያህል ገላጣ ቦታ ያስፈልጋል፣ ሽቦና ዛፍ የሌለበት። አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ አይሞከርም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ጥበቃውን ወይም የሜዳውን ኃላፊ አስፈቅዱ። ምክሬ ግን «ሮኬት ልተኩስ ነው» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ጠርሙሱን አሳዩትና «የልጆች የውኃ ጨዋታ ነው አባባ» በሉ፣ ከዚያ በኋላ ሮኬት መሆኑን ራሱ አይቶ ይፈርድ። የእኛው ጥበቃ ሦስተኛው ተኩስ ላይ ራሱ ሊነፋ ፓምፑን ከእጄ ቀማኝ።

መሬት ላይ ሦስት ቀጭን ፌሮ ትከሉ፣ 6 ቁጥር፣ ከመሬት በላይ 60 ሴንቲሜትር ያህል፣ ጠርሙሱን ዙሪያውን ገባ ወጣ እንዲል አድርገው የሚይዙ። ክንፎቹ በመሐላቸው ያልፋሉ። የፌሮዎቹ ጫፍ ላይ ዓይን እንዳይወጋ የፕላስቲክ ክዳን ወይም ጨርቅ ጠቅልሉ።

ከዚያ እንዲህ ነው። ውኃ ሙሉ፣ ከጠርሙሱ አንድ ሦስተኛ አይለፍ። ለ1.5 ሊትሩ ግማሽ ሊትር። አብዝታችሁ ከሞላችሁ አየሩ ያንሳል፣ ሮኬቱ ውኃ ተሸክሞ ይንገዳገዳል። ቡሹን አርጥባችሁ እያዞራችሁ ክተቱት፣ አንድ ሴንቲሜትር ከገባ ይበቃል። ጎማውን አገናኙ። ገልብጡና በፌሮዎቹ መሐል አቁሙት። ሁሉም ሰው ወደ ኋላ፣ ወደ ፓምፑ። ልጆች ከፓምፑም ኋላ። የሚነፋው ሰው መነጽር ያድርግ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩና ንፉ።

መቼ እንደሚተኮስ አታዙትም፣ የዚህ አሠራር ጉድለቱም ደስታውም ይሄ ነው። የእኛ ቡሽ ብዙውን ጊዜ ጌጁ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲያሳይ ይለቃል። ከ50 በላይ በጭራሽ አትሂዱ። 50 ደርሶ ካልተነሣ ቡሹ በጣም ተወትፏል ማለት ነው። ማንም እንዳይጠጋው! ከፓምፑ በኩል ጎማውን ፈትታችሁ ልቀቁት። መጀመሪያ የሚመጣው ውኃው ነው፣ አትደንግጡ። ሁሉም ሲያልቅ ብቻ ጠጉ።

ሲነሣ «ፎው» የሚል ድምፅ አለው፣ ነጭ ጉም ይተዋል፣ ፓምፕ የያዘው ሰው ይርሳል። ደህና የተሠራ ከ20 እስከ 40 ሜትር ይወጣል። ለመለካት ከሮኬቱ 30 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ ፕሮትራክተር መሐሉ ላይ ክር አስሩና ጫፉ ላይ ዳዶ አንጠልጥሉ፣ በቀጥታው ጠርዝ በኩል ሮኬቱን ከፍታው ጫፍ ላይ አነጣጥሩ። ክሩ ከ90 ምን ያህል እንደራቀ እዩ። 45 ከሆነ ከፍታው 30 ሜትር ሲደመር የዓይናችሁ ቁመት ነው። 60 ከሆነ 30ን በ1.73 አባዙና ያንኑ ቁመት ደምሩ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ያለን ሰዎች ትንሽ ተጠቃሚ ነን። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል፣ ሮኬቱን ብዙም አይዘውም።

ቀስ ብሎ እንዲወርድ ፓራሹት ሥሩለት። ያው የሳሳ አየር ፓራሹቱንም ብዙ አይዘውምና ተለቅ አድርጉት። ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ወይም ከትልቅ ፌስታል 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ፣ ስምንት ክር እሰሩበት፣ ክሮቹን ሰብስባችሁ ከጠርሙሱ እጅጌ ጋር አገናኙ፣ አፍንጫውንም በአንድ ሜትር ሲባጎ አስከትሉት። ፓራሹቱን ሳትጠቀልሉ ልቅ አድርጋችሁ አጣጥፉና ከአፍንጫው ሥር አስቀምጡ፣ አፍንጫውን በስኮች አትለጥፉት፣ ላዩ ላይ ብቻ ቁጭ ይበል። ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ ሲዘነበል አፍንጫው ይወድቅና ፓራሹቱን ይጎትታል። ሁልጊዜ ይሠራል ብዬ አልዋሽም። የእኛ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ እንደ ጅራት ተጠቅልሎ ይመጣል። ለዚያ ነው ስፖንጁ። ሁሉም ሰው እስኪወርድ ድረስ ዓይኑን ከሮኬቱ አይንቀል፣ ልጆቹም ሊቀልቡት እንዳይሮጡ።

ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ነጭ የመታጠፍ መስመር ከወጣበት አበቃ፣ እጅጌውን አውልቁና ሌላ ጠርሙስ አልብሱት። ቡሹ ደግሞ ከስድስት ሰባት ተኩስ በኋላ ይፈረካከሳል። ባለፈው ቅዳሜ ትርፍ ሳልይዝ ሄጄ አሥር ልጅ ከብቦኝ በአራተኛው ተኩስ ተሰነጠቀ፣ ጥበቃው «ቆይ መጣሁ» ብሎ ጠፋ፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ቡሽ ይዞ ተመለሰ።